አረንጓዴው የሚመጣው ከላይ ነው

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦን ጋቢ አለበሰኝ፣ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ፣ ለስላሳና ዳቦ አቀረበ። ወረቀቱን ያነበበው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ቢሆን ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ «በረጅም የሥራ ዘመኑ አንድም ጥፋት ያልተገኘበት» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሣሁ፤ ምን ላድርግ? ቤቴ ስደርስ ግን ጋቢውን አውልቄ አልጋው ላይ ወረወርሁት። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ተናድጄ ነው አልኋት። በማን አለችኝ።

ጥፋት አልተገኘበትም ማለትና ጥፋት የለበትም ማለት አንድ ነው እንዴ? ማን ፈልጎ ነው ያልተገኘው? እነሱ ካልፈለጉ እኔው አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያጨበጭብ ካለ ያጨብጭብ።

የተቀጠርሁት በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ ደባርቅ፣ የውሃ ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አግብቼ ጎጆ ወጥቻለሁ። ደመወዙ ለወሬ አይበቃም፤ ስለ ቅጹና ስለ ፊርማው ብዛት ባወራ ደግሞ ዛሬ አልጨርስም። ጣቢያው ከከተማው ወደ ቡይት ራስ ሲወጡ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቦታ ላይ ነው። ሁለት ገንዳ አለው። የላይኛው ቡጢ ቡጢ በሚያህል የወንዝ ድንጋይ የተሞላ ነው። የታችኛው አሸዋ ነው። ከጅረቱ የተጠለፈው ውሃ በድንጋዮቹ መካከል እየተሽሎከለከ ያልፍና አሸዋው ላይ ይተኛል። ከአሸዋው ሥር ቀስ ብሎ ይወጣና በቧንቧ ወደ ከተማው ቦኖዎች ይወርዳል። ክሎሪን የሚባለው ዱቄት አንዳንዴ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ከተማውን ከበሽታ የሚጠብቀው ያ ድንጋይና ያ አሸዋ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ አያ ተገኘ ይባላሉ። ደረስጌ ተወልደው ያደጉ፣ በልጅነታቸው ዜማ ጀምረው ያቋረጡ፣ ገንዳውን ከገነቡት ሰዎች ጋር ሲሚንቶ ሲያቦኩ ሥራውን የለመዱ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ጆሯቸው ትልልቅ፣ ክረምት ከበጋ ኮንጎ ጫማ የሚያደርጉ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ሲወጡ ኮንጎዋን አውልቀው እግራቸውን ይታጠቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ እያልሁ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሥራ ወዳድ መሆኔን ላሳይ ብዬ፣ ቡናማ ልጋግ የለበሰ ድንጋይ አንሥቼ ከሲሚንቶው ጋር ፈተግሁት። ነጭ ሆነ። ኩራቴ! አያ ተገኘ መጥተው ከእጄ ወሰዱት።

«ይህ ምን አደረገህ?» አሉኝ።

ቆሻሻ ነው አልኋቸው። ሌላ ቡናማ ድንጋይ አነሡና እስኪ አሽትት አሉኝ። አሸተትሁት። ዝናብ የመታው መሬት ነው የሚሸተው። ይህ ሕያው ነው አሉኝ። ውሃውን የሚያጠራው ድንጋዩ ሳይሆን በላዩ ላይ የሚኖረው ልጋግ ነው፤ በሽታውን የሚበላው እሱ ነው፤ አሸዋውም ላይ እንዲሁ ቀጭን ቆዳ አለ። ያን ከገፈፍኸው በድን ድንጋይ ነው የሚቀርህ። «ቡሆ ዕቃዋን አጥባ አጥባ እርሾውን የደፋች ሴት፣ ነገ በምን ታቦካለች?» አሉኝ።

ጠላታችን ሌላ ነው። አልጌ የሚባል ስም እንዳለው የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ሥልጠና የላኩኝ ጊዜ ነው። እኛ አረንጓዴው ነበር የምንለው። ፀሐይ ሲበረታና ውሃው ሲሰባ ድንጋዮቹ ላይ ይበቅልና እንደ ፀጉር ይረዝማል። ፀጉሩ ቡናማውን ያፍነዋል፣ የውሃውን መንገድ ይዘጋል፣ ከዚያ ራሱ ይሞትና ይበሰብሳል። ያኔ ከተማው ውሃው ሸተተ ብሎ ይጮሃል።

አያ ተገኘ ብሩሽ ወደ ገንዳው አያስጠጉም ነበር። አረንጓዴውን በብሩሽ ከፈተግኸው ይበጣጠሳል፣ ብጥስጣሹ ሁሉ ዘር ይሆናል። ድንጋዩን በቀስታ ታነሣለህ። ከዚያው ገንዳ በቀዳኸው ውሃ ባልዲ ውስጥ ትይዘዋለህ። ፀጉሩን ከሥሩ በሁለት ጣትህ ይዘህ እንደ ዶሮ ላባ ትነጨዋለህ፤ የነጨኸውን በሌላ ዕቃ ታጠራቅምና ርቀህ ትቀብረዋለህ። ከዚያ ድንጋዩን ወደ ነበረበት ትመልሳለህ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ። ፊቱን ከገለበጥኸው ጨለማ የለመደው ሆዱ ፀሐይ ያገኛል፤ ቡናማው ይሞትና አረንጓዴው በሦስት ቀን ይወርሰዋል። እጄ በብርድ እየደነዘዘ ይህን ስማር ስንት ጊዜ በሆዴ ረግሜያቸዋለሁ። ብርድ ብርድ ያለኝ ቀን ቁጥ ቁጥ አድርጌ ስነጭ ያዩኝ እንደሆነ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ባዶ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው ያሳዩኝ ነበር እንጂ አይቆጡም። ገንዳውን ለማጥላት ደግሞ በጓሳ ሣር የተጎነጎነ ክዳን ሠርተውለት ነበር፤ ቀትር ሲሆን ሁለታችን እየጎተትን እንከድነዋለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ሽቅብ መሄድ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ጅረቱን ይዘው እስከ ምንጩ ይወጣሉ። ልብስ በሳሙና የሚያጥብ ካገኙ ወደ ታችኛው ወራጅ እንዲወርድ ይለምናሉ፤ ከብት ከገባ ያስወጣሉ። አረንጓዴው ሲበዛ ገንዳውን አትጠይቀው፣ ላይ ምን መጣ ብለህ ጠይቅ ይሉኝ ነበር። አረንጓዴው የሚበላው ፋንድያና ሳሙና ነው፤ ምግቡን ከከለከልኸው ራሱ ይመነምናል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከመውጫው ቧንቧ አንድ ጣሳ ቀድተው፣ ከከተማው ሰው ሁሉ በፊት እሳቸው ይጠጣሉ። ከጠጡ በኋላ መዝገቡን ይከፍታሉ። መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ቁጥር ነው፤ እሳቸው ግን በዚያ የቤተ ክህነት እጅ ጽሕፈታቸው «ድንጋዮቹ በሕይወት አሉ» ብለው ይጽፋሉ። ወይም «አረንጓዴው በምሥራቁ ጥግ ታየ»። እንግዲህ ይህን መዝገብ አደራ አትርሱት።

በሦስተኛው ዓመቴ ላይ ከምንጩ በላይ ያለው መስክ ላይ ጦር ሰፈረ። ጦሩ ስንቅና ጥይት የሚጭንባቸው በቅሎዎች ነበሩት፤ ልቁጠር ብል የማልጨርሳቸው። ሣሩም ውሃውም እዚያ ነው፣ እዚያው ካስማ መትተው አሰሯቸው። ፋንድያው ይጠራቀማል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ ጅረቱ ይዞት ይወርዳል። በአሥራ አምስት ቀን ገንዳው አረንጓዴ ለምድ ለበሰ። እኛ ጠዋት ስንነጭ፣ ማታ ይበቅላል። ጣቶቼ ቆዳቸው ተልጦ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ።

አያ ተገኘ ሰፈሩ ድረስ ሄደው አንዱን መቶ አለቃ ለመኑት። በቅሎዎቹ ከጅረቱ ማዶ ወደ ታች ቢታሰሩ ሁሉም ነገር ይስተካከላል አሉት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ ከበላይ ሳይታዘዝ ካስማ መንቀል አይችልም እንጂ። ተመልሰው ከተማው ቢሮ ለተቀመጠው አለቃችን ሦስት ጊዜ ጻፉ። አለቃችን ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ተገኘ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፤ ተወኝ ልጆቼን ላሳድግበት» አላቸው። እሱም ፈርቶ ነው። ሁላችንም ፈርተን ነበር፤ ፍርሃቱ ራሱ ሌላ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነበር። አያ ተገኘ ያን ቀን መዝገቡ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፤ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፦

«አረንጓዴው የሚመጣው ከላይ ነው። ላይ ያለው ካልተነሣ፣ ታች ብንነጭ ዋጋ የለውም።»

ወዲያው እህታቸው ሞተችና ደረስጌ ለለቅሶ ሄዱ። በእግር ነው፣ ደርሶ መልሱና ለቅሶው ተደማምሮ ከሁለት ሳምንት አያንስም። ሲሄዱ ቃል አስገቡኝ። እስክመለስ በእጅህ ብቻ፣ ብዙ ባትነጭም ግድ የለም፣ ብቻ ገንዳውን አታስነካ አሉኝ። እሺ አልሁ። ማርያምን ብዬ ነው እሺ ያልሁት።

በሄዱ በአራተኛው ቀን የከተማው ካድሬ መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ ልጆች ወልዷል፣ እነሱ ምን አጠፉ። አንድ ትልቅ እንግዳ ከተማውን ሊጎበኝ ነው፣ የውሃ ጣቢያውንም ያያል ተብሏል። ከኋላው ወጣቶች በሰልፍ አስከትሏል፤ መጥረጊያ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሁለት በርሜል የክሎሪን ዱቄት። ያ ለዓመት ስንለምነው የከረምነው ክሎሪን! ለሕዝብ ሲሆን የለም፣ ለእንግዳ ሲሆን በበርሜል ይመጣል። ገንዳውን ጎንበስ ብሎ አየና ሰፊው ሕዝብ የሚጠጣው ይህን ነው እንዴ ብሎ ጮኸ። አለቃዬ እስኪመለሱ አይነካ ብለዋል አልሁት። ይኸን ማለቴን እግዜር ያውቃል፣ ብያለሁ። እሱ ግን ሳቀና ወደ ወጣቶቹ ዞረ።

«አለቃው ድንጋይ ነፍስ አለው የሚል ሽማግሌ ነው አሉ» አላቸው።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሲስቅ አለመሳቅ ያን ጊዜ ያስጠይቅ ነበር እያልሁ ስንት ዓመት ራሴን አታልያለሁ። ውሸት ነው፤ ባልስቅ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ስቄም አልቀረሁ፣ ደህና ሠራተኛ ነው ልባል ብዬ፣ ከክምሩ ውስጥ የመጀመሪያውን የሽቦ ብሩሽ ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ፈተግን። ድንጋዩን አውጥተን በብሩሽ፣ በክሎሪን፣ እንደገና በብሩሽ። የአሸዋውንም ቆዳ ገፈን በክሎሪን ውሃ አጥለቀለቅነው። የጓሳውን ክዳን ያስጠላል ብለው አቃጠሉት። ድንጋዩ ሁሉ እንደ በረዶ ነጣ፤ ማንም እንዴት እንደነበረ፣ የትኛው ፊቱ እንደሆነ ሳያውቅ ተመልሶ ተከመረ። ተዘፈነ። እንግዳው መጣ፣ ገንዳውን አየ፣ በርቱ አለ፣ ከመኪናው የወረደለትን የጠርሙስ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ይህን እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። የኛን ውሃ አንድ ጉንጭ እንኳ አልቀመሰም!

በቅሎዎቹ እዚያው መስካቸው ላይ ናቸው። ክሎሪኑ ታጥቦ ሲያልቅ ውሃው በበድን ድንጋይና በበድን አሸዋ ውስጥ፣ ፋንድያውን እንደያዘ፣ ማንም ሳይነካው እያለፈ ወደ ቦኖ ወረደ። ለዓይን ኩልል ያለ ነው። ሳምንት ሳይሞላው በየቤቱ ተቅማጥ ገባ። ባዶው ድንጋይ ላይ ደግሞ ተከራካሪ ያጣው አረንጓዴ ከበፊቱ ይብስ በቀለ። የጎረቤታችን የየሺ ልጅ፣ ማስተዋል የምትባል፣ ገና ድክ ድክ የምትል፣ በታመመች በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሞተች። ቀብሯ ላይ አፈር መልሻለሁ፣ በዚያው ብሩሽ በያዘው እጄ። የሺ እኔን አቅፋ ነበር ያለቀሰችው፤ ውሃው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠረጠረችም።

አያ ተገኘ በማግሥቱ ገቡ። ከለቅሶ እንደመጡ፣ ጥቁር እንደለበሱ፣ ኮንጎዋን አውልቀው እግራቸውን ታጠቡ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተው አንድ ድንጋይ አነሡ፣ አሸተቱት። ሌላ አነሡ። ሦስተኛ።

«ገደልሃቸው» አሉኝ። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ወዲያው የከተማውን ቫልቭ ዘጉ። ከዚያ ወርደው ከቦኖ ቦኖ እየዞሩ፣ ያለውን ውሃ አፍልታችሁ ካልሆነ አትጠጡ እያሉ ለሰው ነገሩ። እኔም አብሬያቸው ዞርሁ፤ እሳቸው ሲናገሩ ከኋላ ቆሜያለሁ። ይህ ነው ያስበላቸው። ካድሬው ውሃው ጠራ ብሎ ሪፖርት አድርጓል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ውሃው ይገድላል እያለ ከተማ ያዞራል። በሁለተኛው ቀን ሽብር ነዛ፣ ውሃውንም በአሻጥር አበላሸ ተባሉ። ጣቢያው ተፈተሸ፣ መዝገቡ ተወሰደ። ሁላችንም የቀበሌ አዳራሽ ተጠራን።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካድሬው መዝገቡን ከፍቶ ያችን ገጽ አነበበ። አረንጓዴው የሚመጣው ከላይ ነው። ላይ ያለው ካልተነሣ ዋጋ የለውም። እያነበበ ወደ ሕዝቡ ቀና ይላል። አረንጓዴ የሚለብሰው ማን ነው አለ። ሰው የመለዮ ለባሹ ልብስ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ላይ ያለው ማለትስ የበላይ አካል አይደለም ወይ አለ። ድንጋዮቹ በሕይወት አሉ የሚለው ጫካ ላሉት የሚላክ ምልክት ነው አለ። ወይ ጉድ! እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። አንድ ሰው ስለ ድንጋይ ልጋግ የጻፈውን እንዲህ አድርጎ ማንበብ የሚችል አእምሮ ምን በልቶ ነው ያደገው?

አያ ተገኘ ቆመው ረጋ ብለው አስረዱ። አረንጓዴው አረንጓዴው ነው፣ ገንዳው ውስጥ ያለው። ላይ ማለት ከምንጩ በላይ ነው። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት አሉ። ማንም አልተነሣም። ከዚያ ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። አንተ ሦስት ዓመት አብረኸው ሠርተሃል፣ ለሰፊው ሕዝብ ንገር አለኝ።

«ከላይ ማለት ምን ማለት ነው?»

ተነሣሁ። አዳራሹ በር ላይ ሁለት የሰፈሩ ወታደሮች ቆመዋል። በቅሎዎቹ ናቸው ብል ጦሩን መክሰሴ ነው፤ ጦሩን ከከሰስሁ የእኔም ወንበር ከአያ ተገኘ አጠገብ ነው። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። ይህንንም እንደ ምክንያት ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ እስኪ አሁን ላውርደው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሚስት የሌለው፣ ልጅ የሌለው ማን ነበር?

«እኔ አላውቅም። ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው» አልሁ።

አያ ተገኘ አዩኝ። የቁጣ ዓይን ቢሆን በተሻለኝ። ሲወስዷቸው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ ጠባቂው እየገፋቸው፣ «ሞላ፣ አርባ ቀን አትንካው። ከላይኛው ወራጅ ሕያው ድንጋይ አምጥተህ መሐል መሐሉ ላይ አድርግለት፣ ከእሱ ይዛመታል። ፊቱን እንዳትስት» አሉኝ። ስለ ራሳቸው አንድ ቃል የለም። ጎንደር ወረዱ፣ አራት ዓመት ከመንፈቅ ታሰሩ።

እኔ ምን ሆንሁ? የጣቢያው ኃላፊ ሆንሁ። በእሳቸው ወንበር! ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ይነቅዛል፤ የነቀዘ ዝምታ ሆዴ ውስጥ ይዤ ኖሬያለሁ፣ እኔን ይጠይቁኝ።

ያሉኝን ግን አደረግሁ። በቅሎዎቹ ከሰፈሩበት መስክ በላይ፣ ማንም ያልደረሰበት ወራጅ አለ። እዚያ ወጥቼ ቡናማ ድንጋዮች መረጥሁ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በጀርባዬ አወረድሁ። ስንት ምልልስ እንደሆነ አላውቅም። በነጩ መሐል፣ እዚህ አንድ እዚያ አንድ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኋቸው። ክዳኑን እንደገና በጓሳ ጎነጎንሁ። የከተማውን ሰው አፍልቶ እንዲጠጣ አሁን እኔ ስናገር ማንም ሽብር ነዛህ አላለኝም፣ ኃላፊ ነኛ! ቡናማው ከየድንጋዩ ወደ ጎረቤቱ እየተሻገረ ሲሄድ በየቀኑ አየው ነበር። አርባ ቀን ሲሞላ አንድ ጣሳ ቀድቼ ጠጣሁ። ከጥቂት ወር በኋላ ጦሩ በራሱ ጉዳይ ሌላ ቦታ ታዘዘ፣ በቅሎዎቹ ሄዱ። ሦስት ሳምንት አልፈጀም፣ አረንጓዴው ማንም ሳይነጨው መነመነ። አያ ተገኘ እውነታቸውን ነበር። መዝገቡን ከፍቼ ምን ጻፍሁ መሰላችሁ? «ደህና ነው» ብዬ ጻፍሁ። ጅብ ከሄደ እንኳ መጮህ ያቃተኝ ውሻ ነበርሁ።

ከዚያ ዳባት ተዛወርሁ፣ ሁለት ዓመት። ዳባት ጥሩ አገር ነው፣ ውሃው የጉድጓድ ነው፣ ፀሐይ ስለማያየው አረንጓዴ የለበትም፤ ለእኔ ዕረፍት ነበር። ቀጥሎ መካነ ብርሃን ላኩኝ። እዚያ መንገድ የለም፣ ቧንቧ በሰው ትከሻ ነው የሚገባው፣ ሦስት ምንጭ አጎልብተን አጠርን። የምንጭ ዓይን ሲገነባ ድንጋዩን በሽቦ ብሩሽ የሚፈትጉ ግንበኞች አጋጥመውኝ እንደ እብድ ጮኬባቸዋለሁ። ምን ሆነ ይህ ሰውዬ ይሉ ነበር። ከዚያ ወደ ደባርቅ መለሱኝ። ደርግ ገና አልወደቀም። አያ ተገኘ ተፈተው ገብተዋል አሉኝ።

ወር ሙሉ ፈራሁ። መንገድ ላይ እንዳላገኛቸው ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። በመጨረሻ ሁለት ሽማግሌዎች ለመንሁና አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ደጃቸው ሄድሁ። ድንጋዩን ከየትም ማንሣት እችል ነበር፤ ሰው ከመንገድ ዳር ያነሣል። እኔ ግን ጠዋት ጣቢያው ሄጄ ከገንዳው አንዱን አወጣሁ፤ ከቡናማዎቹ፣ በጀርባዬ ካወረድኋቸው። ይገባቸዋል ብዬ ነው። ከተማውን ሙሉ ተሸክሜው ስሄድ ልጋጉ በአንገቴ ወደ ደረቴ ይንጠባጠብ ነበር።

አያ ተገኘ ደጃቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ብቻ ነው የቀረው፣ ሌላው ከስቷል። እግራቸው ሥር ተደፋሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ ስለ ደረስጌ ማርያም ብለህ ይቅር በለው እያሉ ጀመሩ። አያ ተገኘ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ ነኩት። ጣታቸውን አሸተቱ።

«ከእኛ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ።»

«ሕያው ነው። ፀሐይ እየበላው ነው፣ መልሰው። ፊቱን እንዳትስት።»

ሽማግሌዎቹ ተደናገሩ። ተገኘ፣ መጀመሪያ ይቅር በለው እንጂ አሉ። መጀመሪያ ድንጋዩ ይመለስ አሉ እሳቸው። ነጠላዬን አርጥቤ ድንጋዩን ጠቅልዬ፣ ያን ሁሉ ዳገት ሮጬ መለስሁት። በነበረበት ጉድጓድ፣ በነበረበት ፊት። ስመለስ ሽማግሌዎቹ ሄደዋል። እሳቸው እዚያው መደብ ላይ ናቸው። ቁጭ በል አላሉኝም። ቆሜ እያለከለክሁ ጠየቁኝ።

«ከላይ ማለት ምን ማለት ነው?»

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። የአዳራሹ ጥያቄ ነው።

«ከምንጩ በላይ የታሰሩት በቅሎዎች ናቸው» አልሁ።

የቀኝ እጃቸውን አነሡና ያልሁትን በቀስታ እየደገሙ ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። ከምንጩ፣ በላይ፣ የታሰሩት፣ በቅሎዎች፣ ናቸው። እጃቸው ሲጨበጥ አዩት።

«አምስት ቃል ናት» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ቤታቸው ገቡ።

ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ሰላምታ አልከለከሉኝም፤ አንዳንዴ ጣቢያው ብቅ ብለው አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥተው ይሄዱ ነበር። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ነበርሁ። ካድሬውም ነበር፣ ጋቢ ለብሶ፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ለየሺ የነገርኋት ዘንድሮ ነው፤ ሰምታ ተነሥታ ሄደች፣ እስከ አሁን ደጃችን አልረገጠችም። እውነቷን ነው።

ትናንት ባለቤቴ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላ አገኘኋት። አውርጄ ከመስታወቱ አወጣሁትና ጀርባው ላይ አምስቱን ቃል ጻፍሁ፣ ከሥሩም የማስተዋልንና የአያ ተገኘን ስም። ከዚያ መልሼ ሰቀልሁት፣ ጥፋት ያልተገኘበት የሚለውን ፊት ወደ ግድግዳው አዙሬ።